የትምህርት ቤቱ ሻይ ክበብ፦ አንድ ኩሽና፣ ሁለት መስኮት

ዛሬ የምጽፈው ልጄ ስለምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሻይ ክበብ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ይሄ ይበቃል። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ለመምህራን ምሳ ጥሩ ቦታ ነው። ለተማሪ ግን፣ በተለይ ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ፣ አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክረውም። ችግሩ ግን የሚያበስሉት ሴቶች ሙያ አይደለም፣ ምግብ መጥፋቱም አይደለም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ክበቡ አንድ ኩሽናና ሁለት መስኮት አለው። በግቢው በኩል ያለው የተማሪዎች ነው። በጀርባ በኩል፣ ጠረጴዛና ወንበር ባለው ክፍል ያለው ደግሞ የመምህራንና የሠራተኞች ነው። በተማሪዎቹ መስኮት ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ የታሸገ ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ሻይ፣ ለስላሳና ኢነርጂ ድሪንክ ይሸጣል። ጾም ካልሆነ እንቁላል ሳንዱች ይጨመራል። በመምህራኑ በኩል ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ በያይነት፣ እንቁላል ፍርፍር፣ አንዳንዴም ጥብስ አለ። ምድጃው ያው ነው፣ የሚያበስሉት ያው ናቸው፣ ሽንኩርቱም ከአንድ ጆንያ ነው የሚወጣው። ተማሪ ወደ ኋላኛው ክፍል እንዳይገባ የሚከለክል ማስታወቂያ የለም። ግን ማንም አይገባም። ልጄን ለምን ብዬ ስጠይቃት "እማዬ፣ እዛ እኮ ቲቸሮች ናቸው የሚበሉት" አለችኝ፤ ያን ያህል ግልጽ ነገር መጠየቄ ገርሟት።

ለመሆኑ እዚህ ነገር ውስጥ እንዴት ገባሁ? ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ልጄ ፍዝዝ ብላ ሰነበተች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ ትተኛለች። ስታነብ ሐሳቧ አይሰበሰብም። ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፣ "ደበረኝ"። ይሄን ቃል ከልጆቻችን ስንት ጊዜ እንደምንሰማ ታውቃላችሁ፣ ዕድሜው ነው እንላለን፣ ስልኩ ነው እንላለን። ሐኪም ጋር ወስጃት የደም ምርመራ ሲደረግላት ብረት አንሷት ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከመጻፏ በፊት የጠየቀችኝ ቁርሷንና ምሳዋን ነበር። የቤቱን አንድ በአንድ ነገርኳት። የትምህርት ቤቱን ግን አላውቀውም ነበር። ምሳ ዕቃ ይዛ ነው የምትሄደው፣ ግን ምሳ ዕቃው ሳይነካ የሚመለስበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው እየሄድኩ መስኮቱ ፊት መቆም የጀመርኩት።

መጀመሪያ ሳምቡሳውን ላንሳ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚሸጠው እሱ ነው። ሲያዩት ያምራል። ትኩስ ነው፣ ጠርዙ ተቆንጥጦ በደንብ ተዘግቷል፣ ቀለሙም ወርቃማ ነው። የሚሰጡበት ሶፍት እጃችሁ ላይ እያለ ዘይቱን መጥጦ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ስትገምጡት የመጀመሪያው ጉርሻ ሊጥ ብቻ ነው። ምስሩ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ፣ ቢበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ። ቅመሙ ጥሩ ነው፣ ቃሪያውም አለ፤ ያቺ አንድ ማንኪያ ሦስት ብትሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ። ቦምቦሊኖው ለስላሳና ትልቅ ነው፣ ከነጭ ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ውጪ ግን ምንም የለውም። 4 ሰዓት ላይ የበላ ልጅ 6 ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይጮሃል። የተጠበሰው ድንች ትኩስ ከሆነ ይጣፍጣል። የድስቱ ዘይት ግን ከእረፍት ወደ ምሳ ሰዓት ሲሄድ እየጠቆረ፣ ሽታውም እየከበደ ነው የሚሄደው። በማግስቱ ይቀየራል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ "ይሞላል" ነው የተባልኩት። መሙላትና መቀየር ደግሞ ለየቅል ነው።

እንቁላል ሳንዱቹ ከዚያ መስኮት ምርጡ ነው። ዳቦው ትኩስ፣ እንቁላሉ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ሁለት ሲሆን ለአፍላ ልጅ ቁምነገር ያለው መክሰስ ይሆናል። ዋጋው የአንድ ለስላሳና የአንድ የታሸገ ቺፕስ ድምር ቢያህል ነው። ጉዳቱ መቆየቱ ነው። እረፍቱ 20 ደቂቃ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሳንዱቹ ተጠብሶ እስኪመጣ ደወሉ ይደወላል። ልጆቹ ይሄን አስልተው ነው ፊታቸው የተደረደረውን አንስተው የሚሄዱት። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ "እኛም እኮ በቦምቦሊኖና በሻይ ነው ያደግነው" ሲል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አድገናል። ግን በዚህ ዕድሜ በልጁ አካል ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ አስቡት። ሰው ከሚደርስበት የአዋቂነት ክብደት ግማሽ ያህሉን የሚጨምረው በአፍላነት ዕድሜው ነው፣ ከቁመቱም ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን። አጥንትም እንደዚሁ ነው። ሴት ልጅ እስከ 18 ዓመቷ፣ ወንድ ልጅ እስከ 20 ዓመቱ የአጥንታቸውን ከፍተኛ ክምችት እስከ 90 በመቶ ያህል ይጨርሳሉ። ያኔ ያልተገነባ አጥንት በኋላ በ30 ዓመት ወተት በመጠጣት ተመልሶ አይመጣም። ለዚህ ነው አሜሪካኖቹ በሚያወጡት መመዘኛ ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል የሚባለው፣ ከአዋቂ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው ያለው። ጎመን ካልሲየም አለው፣ ጤፍም አለው። ከተማሪው መስኮት ግን ወተትም ጎመንም አይወጣም።

ብረቱ ደግሞ ለሴት ልጆች የባሰ ነው። በዚያው መመዘኛ ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፣ ወንዱ 11። የወር አበባ ሲመጣ ደም ይወጣል፣ ከደሙ ጋር ብረት ይወጣል፣ አካሏም እያደገ ስለሆነ አዲስ ደም መሥራት አለበት። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 3 ሚሊ ግራም ተኩል ያህል ብረት አለው። ሳምቡሳው ውስጥ ያለችው አንድ የሻይ ማንኪያ ምን ያህል እንደምትሆን እናንተው አስሉት።

"እንጀራ ትበላለች አይደል፣ ጤፍ በብረት የታወቀ ነው" የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በምርመራ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ የመጣ ነው፣ እሱን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለውም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ተይዞ ነው የሚቀመጠው። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ያ ፋይቴት ይቀንሳል፣ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ግን እንጀራ ብቻውን ይበቃል ብሎ መተኛት አይቻልም።

ከሁሉም ያናደደኝ ሻዩ ነው። ሻዩ ራሱ ጥሩ ነው፣ ቅመሙ ይሸታል፣ ርካሽ ነው። ግን በሁለቱም መስኮት ምግብ ከሻይ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ ልጆቹም ምሳ ዕቃቸውን እንደጨረሱ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ መጠጣት ነው መፍትሔው። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር አብሮ ሲበላ ብረቱ የተሻለ ይገባል፣ ለዚህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። ጥሬ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ምስር ከስንግ ቃሪያ ጋር፣ ሽሮ ከቲማቲም ሰላጣና ከሎሚ ጋር፤ ይሄ ሁሉ መምህራኑ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ አለ። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ በያይነት በላሁ። ምስሩ ወፍራም ነው፣ ጎመኑ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ነው የወጣው፣ ሽሮው ሸክላ ላይ እየተንተከተከ መጣ። በአካባቢው ካሉ ምግብ ቤቶች ጋር ሳወዳድረው በጣዕምም በዋጋም ይበልጣል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የልጆቹ ሰልፍ ለቦምቦሊኖ ይጋፋል።

ስለ መጠጦቹ ልናገር። ፍሪጁ የቆመው መስኮቱ አጠገብ ነው፣ መስታወቱ በርቶ፣ ለስላሳው በቀለም ተደርድሮ። ውሃ አለ ግን ከታች ነው፣ ለመውሰድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግቢ ውስጥ ያለው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ የጠማው ልጅ ምን እንደሚገዛ አትጠይቁኝ። የኮላ ዓይነት መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ ባለ 300 ጠርሙሱ ከ30 ግራም ያልፋል፣ በሻይ ማንኪያ ስምንት ያህል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል 10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለ ደግሞ ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ነው የሚመክረው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን አልፋዋለች፣ ቦምቦሊኖው ገና አልተቆጠረም።

ኢነርጂ ድሪንኩ ግን ከዚያ መስኮት መውጣት አለበት፣ በዚህ ላይ መደራደር አልፈልግም። የእህቴ ልጅ እዚያው 12ኛ ክፍል ነው። ብሔራዊ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ ጭንቀቱ ምን ያህል እንደጨመረ 12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ያውቀዋል። ልጆቹ ሌሊቱን ያነባሉ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ፣ የመጀመሪያው እረፍት ላይ አንድ ጣሳ ይከፍታሉ። "አክስቴ፣ ካልጠጣሁ አልነቃም" ይለኛል። ከሰዓት ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጠዋት ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የተለመደው ባለ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለልጆች ያስቀመጠው ገደብ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 150 ነው ድርሻው፣ ሁለት ጣሳ አልፎታል፣ ቡናና ሻዩን ሳንጨምር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጉዳዩን ቁርጥ አድርጎ ተናግሮታል፣ ኢነርጂ ድሪንክ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች አመጋገብ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለ ስሜትና ስለ አእምሮ ጤና ሳነሳ "ምግብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው" የሚል ሰው አይጠፋም። አእምሯችን ከምንበላው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻውን የሚጨርስ አካል ነው፣ ሲራብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። በኖርፎክ ግዛት 50 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ነው የጠየቁት። ሁለተኛ ደረጃ ካሉት ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት የሚበሉት የአእምሮ ደኅንነት ውጤታቸው የተሻለ ነበር፣ ቁርስ የሚበሉትም ካልበሉት ተሽለው ተገኙ። እኔን ቀጥ ያደረገኝ ግን ሌላው ነው። ቁርሳቸው ኢነርጂ ድሪንክ ብቻ የሆነ ልጆች ምንም ቁርስ ካልበሉት እንኳ ዝቅ ያለ ውጤት ነው ያገኙት። ይሄ አንዱ ነገር ሌላውን አመጣ ብሎ የሚያረጋግጥ ጥናት አይደለም፣ የተጨነቀ ልጅ ራሱ ወደ ጣሳው ሊሄድ ይችላል። ግን የእህቴን ልጅ ጠዋት ሳየው ሁለቱም እየተጠላለፉ ነው የሚታየኝ።

ሌላው በአውስትራሊያ ፌሊስ ጃካና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። በድብርት የታመሙ 67 አዋቂዎችን ይዘው ለ12 ሳምንት ግማሾቹን በምግብ ባለሙያ እየተደገፉ አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ፣ ግማሾቹን ደግሞ ከሰው ጋር ተቀምጠው እንዲጫወቱ አደረጉ። ከምግቡ ቡድን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከድብርቱ ሲወጡ ከሌላው ቡድን 8 በመቶው ብቻ ናቸው የወጡት። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተጠኑትም አዋቂዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም መድኃኒታቸውን ወይም የንግግር ሕክምናቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ ልጃችሁ ከደበራት ምስር አብሉና ተዉት አላልኩም፣ ከቆየባት ሐኪም ጋር ውሰዷት። ግን እነዚያ ሰዎች ምን ብሉ ተባሉ? ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ ጥሩ ዘይት። ከዓሣውና ከዘይቱ በቀር መምህራኑ ክፍል ያለውን ምሳ የዘረዘሩ ነው የሚመስለው።

የጾም ቀን ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55ቱንም ቀን፣ እንቁላል ሳንዱቹ ይወጣል፣ በምትኩ የሚገባ ነገር የለም። ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ፣ በቃ። የጾም ምግብ በሞላበት አገር ይሄ ያሳዝነኛል። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ተልባ አለ፤ ተልባ እኮ ኦሜጋ 3 ካላቸው እህሎች አንዱ ነው። በሶ በጥብጦ በብርጭቆ መሸጥ ምን ይከብዳል? ልጆቹ ቆመው የሚጠጡት ነገር ይወዳሉ። የሚጾሙ ልጆች ላሏቸው ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ በፍስኩ ጊዜ እንቁላልና ወተት እንዳይቀር። ረጅም ጾም የሚጾምና የሚደክመው ልጅ ካለ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ያባት ነው።

ስለ አገልግሎቱ። ንጽሕናው ጥሩ ነው፣ ይሄን በሙሉ ልብ እናገራለሁ። መታጠቢያው ሳሙና አለው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሸፍነዋል፣ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ምግብ አይነካም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፈጣንና ሳቂታ ነው፣ የተማሪዎቹን ስም ሁሉ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ቢያቆም ደስ ይለኛል። ሴቶቹን ልጆች ሲያስተናግድ "ዛሬም ሁለት? ኧረ ትወፍሪያለሽ!" ይላቸዋል። ለጨዋታ ነው፣ ክፋት የለውም፤ እኛም ዘመድ ስናገኝ መጀመሪያ የምንለው "ወፈርሽ" ወይም "ከሳሽ" ነው። ግን የ15 ዓመት ልጅ ይሄን ይዛው ነው የምትሄደው። ከዚያ ሰልፍ ላይ ማስቲካና ሻይ ብቻ ገዝተው ምሳቸውን የሚያልፉ ልጆች አይቻለሁ። ቲክቶክ ላይ የሚያዩት ወገብ አለ፣ ቤት የሚሰሙት አለ፣ መስኮቱም ይጨምርበታል። ልጅቷ ምሳ ስትዘል ማንም ልብ አይልም፣ ምሳ ዕቃዋን ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ወላጆች፣ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ መመለሱ ተበልቷል ማለት እንዳልሆነ አስቡበት። ቁጣ ሳይሆን አብሮ መብላት ነው የሚያወጣጣው።

ከበሩ ውጪ እርጥብ የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ስለ እሱም ልናገር። ድንቹን በዳቦ አድርጎ ድልሁን ጨምሮ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ልጆቹ ይወዱታል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ከቦምቦሊኖ ይሻላል። እንቁላል ጨምርበት ሲባል ይጨምራል፣ ያኔ በእውነት ምሳ ይሆናል። የሚያሳስበኝ እጁን የሚታጠብበት ውሃ የለውም፣ አቧራውም አለ። ትምህርት ቤቱ ከማባረር ውሃ ያለበት ጥግ ቢሰጠው ለሁሉም ይበጃል።

አሁን ወደ ጥሩው ዜና ልምጣ። ዋናዋን ወጥ ሠሪ አንድ ቀን አገኘኋትና "እትዬ፣ ይሄ ምስር በዳቦ ተደርጎ ለልጆቹ ቢሸጥ ምን ይመስልሻል?" አልኳት። "የኔ እመቤት፣ እኔማ ድሮም እያልኩ ነበር፣ የሚገዙ አይመስለኝም አሉኝ እንጂ" አለች። ኃላፊውን አስፈቅዳ በማግስቱ ሞከረችው። ምስሩን ጠጠር አድርጋ ሠራች፣ እንዳይንጠባጠብ። ዳቦውን ሰንጥቃ ሞላችበት፣ ላዩ ላይ የተከተፈ ቲማቲምና ቃሪያ ጨመረች፣ ቀድማ አዘጋጅታ ደርድራ አስቀመጠችው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ መጠበቅ የለበትም፣ ደወሉ አይቀድመውም። እረፍቱ ሳያልቅ ትሪው ባዶ ሆነ። ልጄም ገዝታ ነበር፣ ማታ ስትነግረኝ "ሳምቡሳው ተገልብጦ የተሠራ ነው የሚመስለው" አለችኝ፣ ውስጡ በዝቶ ሊጡ አንሶ ማለቷ ነው። ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከሳምቡሳው ብዙም አይበልጥም፣ እንደውም ዘይት ይቆጥባል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። የሚወሰነው በእሷ ጉልበትና በምስሩ ዋጋ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም ሳስብ እቆጫለሁ። አዲስ አበባ ላይ ለትንንሾቹ የምገባ ፕሮግራም አለ፣ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ያበቃል። ሰውነታቸው ብዙ የሚጠይቅበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ማዕዱ ይነሳል። ኪሱ ውስጥ የቦምቦሊኖ ብር እንኳ የሌለው ልጅ 7 ሰዓት ላይ ሒሳብ ይማራል። ስለ እሱ መጻፍ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እስከዚያው ልጆቻችሁ ከእንዲህ ዓይነት መስኮት የሚገዙ ከሆነ እኔ ለልጄ ያልኳትን ልንገራችሁ። የማይጾም ቀን እንቁላል ሳንዱች፣ ለዚያም ደወል እንደተደወለ ቀድሞ ማዘዝ። ምስር በዳቦ ካለ እሱ። ምንም ከሌለ ሳምቡሳ ከሙዝ ጋር፣ ሙዙ ከቤት። ውሃ ከቤት። ሻይ ከመውጫ ሰዓት በኋላ። ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት፣ ጓደኞቿም ስለሚበሉት በርከት አድርጌ ነው የማደርግላት። ቁርስ ሳትበላ አትወጣም፤ ቂንጬ ካልሆነ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ እሱም ካልሆነ ትናንት ያደረ ፍርፍር። መድኃኒቷን ጨርሳለች፣ ደሟ ተስተካክሏል፣ "ደበረኝ" ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ 16 ዓመቷ ነው።

ነጥብ ስጡ ካላችሁኝ የኋላኛው ክፍል ከ5 አራት ተኩል። የተማሪዎቹ መስኮት ከ5 ሁለት፣ እሱም ለእንቁላል ሳንዱቹና ለንጽሕናው። በጾም ቀን አንድ።

ክበቡ የሚከራየው በጨረታ ነው፣ ውሉ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ይታደሳል። ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሦስት ነገር ጽፌ አስገብቻለሁ። አንደኛ፣ ኢነርጂ ድሪንክ በግቢው እንዳይሸጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሚጠጣ ውሃ በነጻ ይኑር፣ ቧንቧውም ይጠገን። ሦስተኛ፣ በመምህራኑ በኩል የሚቀርበው ምሳ፣ ጾምም ፍስክም ቢሆን፣ ቆሞ በሚበላ መልኩ በተማሪዎቹም መስኮት ይቅረብ፣ ከደወሉ በፊትም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ኃላፊው ኪሳራ ይሆናል ብሎ ሰግቷል፣ ወጥ ሠሪዋ ግን ትሪው ባዶ የሆነበትን ቀን ትመሰክራለች። ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቱን ከአገላለጼ ያወቃችሁት ወላጆች ካላችሁ ኑ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ከመስኮቱ የሚገዙት እነሱ ናቸው።